በናርዲ ልክ የተሠራ ጠመንጃ

ባሌ ሳህሌ ጠመንጃ ሲጠርግ ቤቱን የሚሞላውን ሽታ እስከ ዛሬ አልለመድኩትም። ኬሚካሉ አፍንጫ ይሰረስራል፤ የጠረገበት ጨርቅ በጥቀርሻና በቅባት ይጠቁራል፤ እሱ ደግሞ ያንን ጨርቅ እኔ ጎመን የማጥብበት ገንዳ ጠርዝ ላይ ያሰጣዋል። "መርዝ እኮ ነው!" ስለው "አነሳዋለሁ" ይለኛል። አያነሳውም። ኢስተን ያለ ሆቴል ውስጥ ሰው የተኛበትን አንሶላ ሳጥብ ውዬ ስመለስ፣ ገና በሩን ስከፍት ያ ሽታ ይቀበለኛል።

ሳህሌን ለማያውቀው ልንገር። ዌርሃውስ ውስጥ ዕቃ የሚያነሣ ፎርክሊፍት ይነዳል። ዝምተኛ ነው፤ እጁ ግን ሥራ አያጣም። ሰው ፊት "እምቢ" የምትል ቃል ከአፉ ወጥታ አታውቅም። ቤተ ክርስቲያን ወንበር ደርድር ሲሉት ይደረድራል፤ እኛ በምንኖርበት ሬይኖልድስበርግ አፓርታማ የቀየረ ሐበሻ ሁሉ ሶፋውን ያሸከመው እሱን ነው። ወገቡን አሞት እንኳን ስልኩ ሲጠራ "እሺ፣ መጣሁ" ይላል። ሴቶቹ "እንዴት ያለ ጨዋ ባል ሰጠሽ" ይሉኛል። አብረውት ስላልኖሩ ነው። እኔን ጨዋነቱ እጅ እጅ ብሎኛል።

ጠመንጃው ቤታችን የገባው በኮሮና ዓመት ነው። ትምህርት ቤት ሲዘጋ ልጃችን ናርዲ ክፍሏን ቆልፋ ተቀመጠች። ካሜራዋን አጥፍታ አልጋ ውስጥ ሆና ትማራለች። ምግብ በሯ ላይ ካላስቀመጥኩላት አትወጣም። እኔን "አይም ፋይን" ትለኛለች፤ አባቷን ጭራሽ አታናግረውም። የጠብ ምልክት እንኳን አልነበረም፤ እንዲሁ ደረቀች።

አንድ ቅዳሜ ሳህሌ አብሮት የሚሠራ ሰው ወደሚተኩስበት ክለብ ይዟት ሄደ። ቦታው ሜዳ ነው፤ ሰው ተራርቆ ይቆማል። እኔ በሩ ላይ ጮህኩ። "ልጅን ከክፍሏ ለማውጣት ጠመንጃ? ፓርክ ጠፍቶ ነው?" አልኩት። መኪናውን አስነሣ። ማታ ሲመለሱ ናርዲ መኪናው ውስጥ ሆና ስታወራ ድምጿ ከውጭ ተሰማኝ። እራት ላይ ስታወራ አመሸች። ያን ቀን የጎረስኩትን እንኳን አላስታውስም።

ጨዋታው እንዲህ ነው። አምስት የብረት ሳህኖች ይተከላሉ። ተኳሿ አፈሙዙን ወደ መሬት አዘቅዝቃ ትጠብቃለች። ሰዓት መያዣው "ጢጥ!" ሲል ጠመንጃውን ቀና አድርጋ አራቱን ትመታለች፤ አምስተኛውን ስትመታ ሰዓቱ ይቆማል። በዓይን ጥቅሻ ያልቃል። ጥይቷ ሃያ ሁለት የሚሏት ትንሿ ናት፤ ትከሻ አትመታም። ጉልበት ዋጋ የለውም። ጠመንጃው ቀሎ ከሳህን ወደ ሳህን መዞር አለበት፤ ዓይንም ሳይፈልግ ማግኘት አለበት፤ በቃ።

የክለቡ ጠመንጃ ለናርዲ ረዝሞባት አንገቷን እያሰገገች ነበር የምትተኩሰው። ስለዚህ ሳህሌ በልኳ ሊሠራላት ተነሣ። ሲመርጡ አብሬ ሱቅ ሄጃለሁ። አንዱን አንሥቶ ይሰጣታል። "ዓይንሽን ጨፍኚ። አሁን ትከሻሽ ላይ አድርጊው። ክፈቺ!" ይላታል። ዓይኗ በቀጥታ ማነጣጠሪያው ላይ ካላረፈ ይመልሰዋል። ሻጩ ሰለቸው፤ እኔም ሰለቸኝ፤ እነሱ ግን አልሰለቻቸውም። በመጨረሻ አንድ ያገለገለ ጠመንጃ ይዘን ወጣን፤ ያንንም ገና ቤት ሳይደርስ "ይሄን እቀይረዋለሁ፣ ያንን እቀይረዋለሁ" ማለት ጀመረ።

በበረዶው ወራት የምግብ ጠረጴዛዬ ወርክሾፕ ሆነ። ከባዱን በርሜል አውጥቶ ውስጡ ቀጭን ብረት፣ ላዩ አልሙኒየም የሆነ ቀላል በርሜል አስገባ። ቃታው ጣቷን ሲያደክማት በሌላ ለወጠው። ሰደፉን በመጋዝ አሳጠረ፤ ጠመንጃውን አስነሣት፤ አሁንም ሞረደ፤ አሁንም አስነሣት። የሞረደው ብናኝ በርበሬዬ ውስጥ ገብቶ አንድ ሙሉ ዕቃ በርበሬ ደፋሁ። በማነጣጠሪያ ፋንታ የክብሪት ሳጥን የምታክል መስታወት ገጠመላት፤ ውስጧ አንድ ቀይ ነጥብ ብቻ ናት፤ ሁለቱንም ዓይን ከፍቶ ማየት ይቻላል። ያኔ ጥይት ከየሱቁ ጠፍቶ ነበር። እሱ ግን ከተማውን ዞሮ የተገኘውን እየለቀመ ይመጣል፤ ጠመንጃው ደግሞ መራጭ ሆኖ አንዱን ዓይነት ይውጣል፣ ሌላውን ነክሶ ይቆማል። ሽታው፣ ቅባቱ፣ ብናኙ ሁሉ አስጠላኝ። ግን ናርዲ እየሳቀች "ኖ ዳድ፣ ስቲል ቱ ሎንግ"፣ አሁንም ይረዝማል፣ ስትለው ጥርሴን ነክሼ ሌላ ጨርቅ አቀብለዋለሁ።

በጋ ሲገባ ጠመንጃው አለቀ። ናርዲ ስታነሣው ወረቀት ያነሣች ነበር የሚመስለው። ክለቡ መስከረም ላይ በሚያደርገው ውድድር ለልጆች ቡድን ተኳሾች ሊመርጥ ነበር። ናርዲ መግባት ፈለገች። ለስንት ጊዜ "እፈልጋለሁ" የምትለው ነገር ጠፍቶን ስለነበር፣ ይሄንን መፈለጓ ብቻ እኔን አስለቀሰኝ።

ሳህሌ ቪዲዮዋን ቤተ ክርስቲያን ለወንዶቹ ባያሳይ ኖሮ መልካም ነበር። አሳየ። ጋሽ እሸቱ አዩት።

ጋሽ እሸቱ ማለት በዲቪ አሜሪካ ስንመጣ ኤርፖርት የተቀበሉን ሽማግሌ ናቸው። ናርዲ ያኔ በእቅፌ ነበረች። ቤታቸው ሥር ያለው ቤዝመንት ውስጥ አስቀምጠውናል፤ ሳህሌን ሥራ አስገብተውታል። አልክድም። ግን በየሰርጉ፣ በየልቅሶው፣ በየልደቱ "እነዚህን እኮ ያመጣኋቸው እኔ ነኝ" ይላሉ። ሎተሪው የደረሰው ለእኛ፣ ያመጡን እሳቸው! ሳህሌም አጠገባቸው ቆሞ እጁን አጣምሮ ፈገግ ይላል። ያቺን ፈገግታ ሳይ ይቀፈኛል።

ውድድሩ ሲቃረብ ጋሽ እሸቱ ሁለት ሽማግሌዎች አስከትለው ቤታችን መጡ። ትልቅ ካርቶን አስከፈቱ። ውስጡ እንደ አልጋ እግር የከበደ የዋልነት እንጨት ሰደፍና ክንድ የሚያክል መነጽር ነበር፤ የሩቅ አቅርቦ የሚያሳይ፣ አዳኝ አጋዘን የሚያይበት ዓይነት። ሰደፉ ላይ የናስ ሳህን ተለጥፏል። አገር ቤት የሰርግ ግድግዳ ሰዓት ላይ እንደሚጻፈው "ለልጃችን ናርዲ ሳህሌ፣ ከእሸቱና ከቤተሰቡ" ይላል። የሰጪው ስም ከተቀባይዋ ይበልጣል።

የናርዲን ጠመንጃ በሁለት ጣት አንሥተው አዩት። "ይሄማ የልጅ መጫወቻ ነው። ልጃችን በዚህ ሰው ፊት ትቆማለች? ይኼውላችሁ መሣሪያ!" አሉ። ሽማግሌዎቹ አጨበጨቡ።

ናርዲ አባቷን አየችው። እኔም አየሁት። ለእሷ መክበዱን፣ መርዘሙን፣ ቅርብ ላለ ሳህን ያ መነጽር ዕውር መሆኑን ከእሱ በላይ የሚያውቅ ቤቱ ውስጥ አልነበረም። ጎንበስ ብሎ ትከሻቸውን ሳመ። "ጌታ ይባርክዎት ጋሼ። በዚህ ነው የምትወዳደረው" አለ።

ሰዎቹ ሲወጡ ወጥ ቤት ያዝኩት። "ምን ሆነሃል? ልጅቷ ይሄን ታነሣዋለች?"

"ብርነሽ፣ ሰውየው ስማቸውን አስቀርጸው አምጥተው እንዴት ነው መልሱ የምለው? ምን ይሉኛል?"

"መልስ አላልኩህም። ቁምሳጥን አናት ላይ አስቀምጠው።"

"ሊያዩ ሊመጡ ነው እኮ። ሬዲ ነኝ ብለውኛል። መጀመሪያ ጠመንጃዋ ላይ ገጥሜላት በእሱ ፎቶ ትነሣለች፣ ከዚያ ሳይተኮስ እቀይርላታለሁ። ለእሷም ነግሬያታለሁ። ሁሉንም ዕቃ መኪና ውስጥ እይዛለሁ።"

የውድድሩ ቀን ሥራ አስፈቅጄ ሄድኩ። ጋሽ እሸቱ በሱፍ ልብስ፣ በክራቫት፣ ታጣፊ ወንበራቸውን ለሁለቱ ሽማግሌዎች አስይዘው ቀድመውን ደርሰዋል። ፎቶ ተነሣን። ናርዲ ያንን ግንድ ታቅፋ፣ ጋሽ እሸቱ የናሱ ሳህን እንዲታይ ሰደፉን በእጃቸው ወደ ካሜራው እያዞሩ። ከዚያ ወንበራቸውን ከተመልካቹ ገመድ ኋላ ዘርግተው እግራቸውን አነባብረው ተቀመጡ።

ናርዲ አባቷን ወደ መኪናው ጎተተችው። ጊዜ ነበር፤ መፍቻውም፣ የራሷ ሰደፍም፣ ቀይ ነጥቧም ቦርሳው ውስጥ ነበሩ፤ ማስተካከያ ተኩስ የሚተኮስበትም ቦታ ባዶ ነበር። በእንግሊዝኛዋ፣ በቀስታ፣ "ዳድ፣ አሁን የእኔን አድርግልኝ" አለችው።

ሳህሌ ቦርሳውን ከፈተ። እጁን አስገባ። ከዚያ ቀና ብሎ ጋሽ እሸቱን አየ። እሳቸውም እያዩት ነበር፤ አውራ ጣታቸውን ቀሰሩለት። እጁን ባዶውን አወጣ።

"ናርዲዬ፣ አሁን ፊታቸው ላይ ብፈታው... ዛሬን ብቻ በዚህ ተኩሺ። ለእኔ ስትይ" አላት።

በጌታ ስም፣ እዚያው መሬቱ ላይ ልተፋ ነበር። "ቃል ገብተህላታል!" አልኩት። "እባክሽ ሰው ይሰማል" አለኝ። ሰው ይሰማል! የገዛ ልጁ አጠገቡ ቆማ እየሰማች፣ የሚፈራው ሌላ ሰው እንዳይሰማ ነው። ናርዲ ጠመንጃውን ወሰደችና ሄደች።

ጢጥ! ጠመንጃውን ስታነሣ ሰደፉ ብብቷ ሥር ተወሸቀ። አውጥታ ትከሻዋ ላይ ስታደርገው፣ ሌሎቹ ልጆች አምስቱንም በሚጨርሱበት ጊዜ እሷ ገና አልጀመረችም። መነጽሩ ውስጥ ነጭ ነገር ብቻ ነው የሚታየው፤ የትኛው ሳህን እንደሆነ አታውቅም፤ አፈሙዟ እየዞረ ይፈልጋል። ሳተች። ደግማ ሳተች። ክብደቱ አፈሙዙን ወደ መሬት ሲጎትትባት ከገመዱ ኋላ ይታየኛል። አንድ ዙር፣ ሌላ ዙር። ከእሷ የሚያንሱ ልጆች ሳህኖቹን ቂው ቂው አድርገው ይወርዳሉ። ጋሽ እሸቱ "አይዞሽ! መሣሪያው አንደኛ ነው፣ ትለምጂዋለሽ!" ይላሉ ጮክ ብለው። እስከ መጨረሻው ተኮሰች። አላቋረጠችም፣ አላለቀሰችም። ውጤቱ ሲነገር ከግርጌ ነበረች፤ ለቡድኑም ሌሎች ተመረጡ።

ሳህሌ ዓይኑ መሬት ላይ ነበር። እኔ ጋሽ እሸቱን ልናገራቸው ወደ ወንበራቸው አመራሁ። ንግግሬን ሁሉ አዘጋጅቻለሁ፤ የመጣው ይምጣ። ናርዲ ቀደመችኝ። አማርኛ አውሪ ስንላት ፊቷን የምታዞረዋ ልጅ፣ ሽማግሌው ፊት ጎንበስ አለች፣ ትከሻቸውን ሳመች፣ "ጌታ ይባርክዎት ጋሼ። በጣም ቆንጆ ስጦታ ነው። በጣም ወድጄዋለሁ" አለቻቸው። ጥርት ባለ አማርኛ። ፈገግ ብላ።

ጋሽ እሸቱ ዓይናቸው እንባ ሞላ። "ይቺ ናት አስተዳደግ!" አሉ ለሽማግሌዎቹ። "አባቷን ቁርጥ!"

ያስጠላኝ ብዙ ነገር አለ፤ የዚያን ቀን ያህል ግን አስጠልቶኝ አያውቅም። ልጄ የጠላችውን "ጠላሁ"፣ የከበዳትን "ከበደኝ" የምትል ልጅ ነበረች። በኮሮና ጊዜ በሯን ስትቆልፍብን እንኳን እውነቷን ነበር የቆለፈችው።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ሳህሌ በማለዳ ተነሥቶ የናርዲን ሰደፍ መልሶ ገጠመ፤ ቀይ ነጥቧን መልሶ አሠረ። ጠመንጃው እንደ ድሮው ቀሎ ነበር። የናሱን ሳህን ከነሰደፉ በፎጣ ጠቅልሎ አልጋ ሥር ወሽቆታል። ጠመንጃውን በመያዣው አድርጎ የክፍሏን በር አንኳኳ። በሯ አልተቆለፈም። ወዲያው ከፈተችለት።

"ናርዲዬ፣ የራስሽን ሠርቼልሻለሁ። እንሂድ?" አላት።

"አመሰግናለሁ አባዬ" አለችው በአማርኛ። "በጣም ቆንጆ አድርገህ ነው የሠራኸው። ግን ሆምወርክ ስላለብኝ ነው። ሌላ ቀን።" ጠጋ ብላ ጉንጩን ሳመችው፣ ፈገግ አለች፣ በሩን በቀስታ ዘጋችው።

ሳህሌ መያዣውን አንጠልጥሎ በሩ ፊት ቆሞ ቀረ። ያቺን ፈገግታ ለጋሽ እሸቱ ስንት ዓመት ፈገግ ያለው እሱ ራሱ ስለሆነ፣ ከፈገግታዋ ኋላ ምን እንደተደበቀ የሚነግረው ሰው አላስፈለገውም።