እትዬ ችግር የለም

በሆስፒታሉ የልብስ ማጠቢያ ክፍል አለቃዋን በስሟ የሚጠራት የለም። ከፊቷ «እትዬ»፣ ከኋላዋ «እትዬ ችግር የለም» ናት። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ጠዋት ጠዋት በሩ ላይ ቆማ፣ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ፣ «ልጆቼ፣ ችግር የለም አይደል?» ትላለች። ዘጠኙም ሠራተኞች በአንድ አፍ «ችግር የለም!» ይላሉ። ጥያቄ ነው እንዳይባል መልሱ አብሮት አለ። ከዚያ ማሽኖቹ ይነሳሉ።

አንድ ማክሰኞ የአንሶላ መተኮሻው የቀጭኗን እጅ ያዘ። ቀጭኗ ማለት ከሁሉም በዕድሜ የምታንሰው፣ ሥራ የማትፈራዋ ልጅ ናት። የማቆሚያው ቁልፍ ቢጫኑት ቢጫኑት እምቢ አለ፤ ገመዱን ከግድግዳው እስኪነቅሉት ጣቶቿ ተቃጠሉ።

እትዬ ቀጭኗ በተኛችበት አልጋ አጠገብ ቆማ፣ «ቁልፉ መበላሸቱን ታውቂ ነበር?» አለቻት።

«ከሦስት ቀን በፊት።»

«ታዲያ ምነው ዝም አልሽ?»

«እርስዎ ችግር የለም አይደል ሲሉን፣ ምን ልበል እትዬ?»

እትዬ የልጅቷን አንሶላ አስተካክላ ወጣች።

አስተዳደሩ ስለ ጽናት የሚያስተምር ሰውዬ ላከላቸው። ሰውዬው ሁለት ሰዓት ሙሉ ስለ መውደቅና መነሳት አወራ፤ አጨበጨቡለት። «ጥያቄ አለ?» ሲል «የለም!» አሉት፣ በአንድ አፍ። እትዬ ከኋላ ተቀምጣ ሰማች።

ቤት ስትገባ ባሏ፣ ጡረታ የወጣው የአውቶቡስ ሾፌር፣ ፊቷን አይቶ «ምን ሆነሻል?» አላት።

«ምንም። ችግር የለም።»

«እኔ እኮ ያንቺ ሠራተኛ አይደለሁም» አለ።

ያኔ ቦርሳዋን እንደያዘች ቁጭ ብላ አለቀሰች።

በማግስቱ በሩ ላይ ቆማ «ዛሬ ምን አስቸገራችሁ?» አለች። እርስ በርስ ተያዩ። ነገር ፈልጋ ነው ብሎ ያንሾካሾከም አልጠፋ። አራት ቀን ጠየቀች፤ አራት ቀን ዝም አሏት። በአምስተኛው ቀን «በሉ እኔው ልጀምር» አለች። «ያንን ቁልፍ በየሳምንቱ መሞከር የኔ ሥራ ነበር። አልሞከርኩትም። አፍሬያለሁ።»

ወፍራሙ አጣቢ ጉሮሮውን ጠረገ። «እትዬ፣ ሦስተኛው ማሽን ውሃ ያፈሳል። ሁለቴ አዳልጦኛል።»

ከዚያማ ማን ያስቁማቸው! የአንዷ ወገብ፣ የሌላው ጓንት፣ የማይከፈተው መስኮት። የዚያን ቀን ሥራ አርባ ደቂቃ ዘግይቶ ተጀመረ፤ አስተዳደሩም ለምን ብሎ ደብዳቤ ጻፈባት።

ቀጭኗ በሰባተኛው ሳምንት ተመለሰች። ጠዋት ተራዋ ደርሶ እትዬ «አንቺስ?» ስትላት፣ አፏ ለምዶ «ችግር የለም» አለች። ስምንቱም ዞረው አዩዋት።

«ኧረ ተዉኝ!» ብላ ሳቀች። ሳቋ ግን አልቆየም። «ማሽኑን እፈራዋለሁ» አለች።

እትዬ ክንዷን ይዛ ወደ መተኮሻው ወሰደቻት፤ ማሽኑንም አስነሳች።

«አሁን አቁሚው።»

ቀጭኗ ባልተጎዳው እጇ የተጠገነውን ቁልፍ ተጫነች። ቆመ።

«ድገሚው።»

ቆመ። አምስት ጊዜ እንዲህ አደረጉ። በስድስተኛው እትዬ ምንም አላለችም፤ ቀጭኗ ራሷ አስነሳችውና የመጀመሪያውን አንሶላ አስገባች።