በአውጫጭኝ ላይ የማልኩት

ያልመታን ሰው መታ ብዬ፣ በአላህ ስም ምዬ፣ ከከተማችን ከመካነ ሰላም አስወጥቻለሁ። ይህን እስከ ዛሬ ለአገሬው ሰው አልተናገርኩም፤ ባሌን እንኳ ሳልነግረው ነው የቀበርኩት። ሚዛን የሚያጭበረብር ነጋዴ ሲገኝ ገበያ መሃል የምጮህ፣ የድንበር ጠብ ሲነሳ «ዘምዘም ትጠየቅ» የምባል እኔ ነኝ። ቃሌን ማን ይጠረጥራል? ሰው ያጠፋሁትም በዚያው በታመነ ቃሌ ነው።

ሰውየው ሄንክ ይባላል፤ ሆላንዳዊ ነው። ሚስቱ ምንጭ በሚያጎለብት ፕሮጀክት ተቀጥራ ስትመጣ ተከትሏት መጣ። በወጣትነቱ በአገሩ የኪክ ቦክስ ሻምፒዮን ነበር አሉ፤ ጉልበቱ ሲጎዳበት አሰልጣኝ ሆነ። ባዶ የእህል መጋዘን ለምኖ፣ ጆንያ በገለባ ጠቅጥቆ ሰቀለና ልጆቻችንን ያሰለጥን ጀመር። አማርኛውን ከሽማግሌ ስለተማረ ትንሹንም ልጅ «እርስዎ፣ ግራ እግርዎን ያንሱ» ይላል፤ ልጆቹ በሳቅ ይሞታሉ። ሕጉ አንድ ነበር፤ እዚያ የተማረውን ውጭ ለጠብ ያዋለ ተመልሶ አይገባም።

የልጅ ልጄ ሐያት ከሰልጣኞቹ ሁሉ ትበልጥ ነበር። አባቷ ጅዳ ስለሆነ ያሳደግኳት እኔ ነኝ። «አንድ ነውር ብሰማ ከትምህርት ቤት ወጥታ ትዳራለች» ይለኝ ነበር በስልክ።

አንድ የገበያ ቀን ከጓሮዬ አጥር ሥር ቆሜ አየሁ። የጎረቤቴ ልጅ ኑርዬ መንገድ ላይ ሐያትን ጠበቃት። ከእሱ የሚያንስ ልጅ ስለደበደበ ሄንክ በዚያው ሰሞን ከመጋዘኑ አባርሮታል።

«ወንድዬዋ መጣች! ጢምሽን መቼ ነው የምትላጪው?» አላት።

አልፋው ሄደች። ተከትሎ ሻሿን ሲጎትት ዞር ብላ አንዴ በእርግጫ መታችው። ድንጋይ ላይ ወድቆ ክንዱ ተሰበረ።

ኑርዬ ሴት ጣለችኝ ይበል? «ከኋላ ተመታሁ፤ ማን እንደሆነ አላየሁም» አለ። አውጫጭኝ ተጠራ። ያየ ሰው እስኪናገር ድረስ አገሬው ከሜዳው አይነሳም። ሁሉም በተራው «አላየሁም» አለ፤ ተራው ወደ ሐያት ቀረበ። ልጄ መዋሸት አታውቅም፤ ውሸት ሐራም ነው ብዬ ያሳደግኳት እኔ ነኝ። እኔ አላየሁም ብል እሷ ትናገራለች፤ አባቷም ይሰማል። ነገሩ እሷ ጋ ሳይደርስ መዘጋት ነበረበት። ተነሳሁ።

«ወላሂ አይቻለሁ፤ ፈረንጁ ነው» አልኩ።

እኔ አልኩ። ማንም አላስገደደኝም። ለምን እሱን? አገር አለው፣ ይሄዳል፤ እኛ የት እንሄዳለን አልኩ። ይህ ምክንያት ይሆናል? ደንግጬ ነው ብል ሌላ ውሸት እጨምራለሁ፤ አስልቼ ነው። ልጁን ማባረሩን ሰው ሁሉ ያውቃል፤ እንደሚታመን አውቄ ነው የማልኩት።

ሐያት ልትነሳ ስትል ቀሚሷን ረግጬ ያዝኳት። ከሰልጣኞቹ ጋር ተቀምጦ የነበረው ሄንክ እግሬን አየ። ቀጥሎ ልጅቷን አየ። የሽማግሌዎቹ ዳኛ «አንተ ሰውዬ፣ ምን ትላለህ?» አሉት።

«እማማ ዘምዘም ምለዋል» አለ።

የልጆቻችሁን አሰልጣኝ እመኑ አላለም፣ ልጅቷ ናት አላለም። ምን አስቦ እንደሆነ ያኔም ገብቶኛል። ቢሆንም መሐላዬን አላነሳሁም። መጋዘኑ ተዘጋ። እሱና ሚስቱ በደሴ ሚኒባስ ሲሄዱ መስኮቱ ላይ ጭቃ የወረወሩ ነበሩ። እኔ እዚያው ቆሜ ነበር፤ ተው አላልኩም።

ሐያት ትምህርቷን ጨረሰች። ጨረሰች ብዬ ልጽናና? ከዚያ ቀን ወዲህ ዓይኔን አይታ አታወራኝም። ኋላ ዱባይ ለሥራ ሄደች፤ ከዚያ ሆና ሰውየውን ፈልጋ አገኘችው። ዛሬም በአገሩ ልጆች ያሰለጥናል። አንድ ጁምዓ ደወለችልኝ።

«አያቴ፣ ሄንክ መስመር ላይ ነው። የምትይው ካለሽ በይ።»

«በሐሰት ማልኩብህ፤ አውፍ በለኝ፣ ይቅር በለኝ» አልኩት።

አውፍ ብያለሁ ሊለኝ ነው ብዬ ጠበቅሁ፤ ብሎኝ ቢሆን ይህንን አትሰሙም ነበር። በዚያው በሽማግሌ አማርኛው መለሰልኝ።

«እማማ፣ እንዳልመታሁት እኔ ድሮም አውቃለሁ። ሜዳው ላይ ለነበሩት ይንገሩ።»