በእንጀራ አባት ስም

ለዲጂታል መታወቂያ ሰንጋ ተራ ከተሰለፈው ሰው መሃል ኮታቸውን እስከ አንገታቸው የቆለፉት ሽማግሌ ወሬ በዋዛ አያልፉም።

«በእንጀራ አባቱ ስም የተመዘገበ ይታሰራል» አለ አንዱ ጎረምሳ።

«የታሰረውን አይተሃል?»

«ኧረ ፋዘር፣ ቲክቶክ ላይ ነው!»

«አድራሻውን ንገረኛ፤ ስንቅ እንውሰድለት።»

ሰልፈኛው ሳቀ። እሳቸው ግን ስድሳ ዓመት የተጠሩበት የእንጀራ አባታቸው ስም እንዳይቀርባቸው ፈርተዋል።

ከኋላቸው የቆመች ሴት «ወንድሜ እንደዚያው ተመዝግቧል። አብሬው ገብቼ ነበር» አለቻቸው።

«አሁን ገና ሰው ተናገረ!»

ተራቸው ደርሶ መዝጋቢዋ የአባታቸውን ስም ስትጠይቃቸው ባርኔጣቸውን አወለቁ።

«ወልደ ሚካኤል በይ፣ ልጄ። የወለደኝን በወሬ ነው የማውቀው፤ ይሄኛው ግን ወንዙ በሞላ ቁጥር አዝሎ ትምህርት ቤት አድርሶኛል።»