የከንቲባው ሚስት እልልታ

በኩፍር ሉዝ መንደር ናዚሃን በእልልታ የሚስተካከላት አልነበረም። ሙሽራ በወጣ ቁጥር ሴቶቹ ወደ ፊት ይገፏታል፤ እሷም አታሳፍራቸውም፣ ታቀልጠዋለች። ባሏ ጋሊብ መድኃኒት ቤቱን ለወንድሙ ትቶ ከንቲባ ሲሆን ግን ነገሩ ሁሉ ተገለበጠ። የከንቲባ ሚስት አደባባይ ላይ ጉሮሮዋን ከፍታ አትጮህም ተባለ። ማን እንዳለው አይታወቅም፤ ብቻ ተባለ።

በእልልታው ምትክ ለቅሶ ተሰጣት። መንደሩ የከንቲባ ሚስት በየለቅሶው እንድትታይ ይፈልጋል፤ መፈለግ ብቻም አይደለም፣ ይከታተላታል። ስንት ሰዓት ተቀመጠች? ከማን ጎን? እንባ አፈሰሰች ወይስ ዓይኗን በመሐረብ ነካ ነካ አድርጋ ተነሳች? አንዴ ከእህቷ ጋር ገበያ መሀል ስትስቅ ታይታ ሳምንት ሙሉ ታምታለች፤ በዚያ ሳምንት ደግሞ የሞተ ሰው እንኳ አልነበረም። እንዲህ እያለች ሰባት ዓመት ኖረች። ማልቀሱንም ለመደችው። የማታውቀው ሰው ቢሆንም እንባዋ ሲጠሩት ይመጣል፣ ሰዉም «ምን ዓይነት አንጀት ነው የሰጣት» እያለ ያመሰግናታል።

አንድ ነገር ብቻ ለራሷ አስቀርታ ነበር። «ሪማ ስታገባ እልል እላለሁ» አለችው ጋሊብን፤ «አንድ ልጄ ናት። ከዚያ በኋላ ከፈለጋችሁ አፌን ስፉት።»

«እሺ፣ ያ ቀን ያንቺ ነው» አላት እየሳቀ።

ሠርጉ ሁለት ሳምንት ሲቀረው የመንደሩ ትልቁ ቤተሰብ አባት ሐጂ ሹክሪ ሞቱ። በኩፍር ሉዝ የሟች አርባ ሳይወጣ ደግሶ የሚድር ሰው ሐዘንተኞቹን ሄዶ ያስፈቅዳል፤ ሳያስፈቅድ ከበሮ ያስመታ እንደሆነ ስድብ ነው። ቀኑን እንዳይገፉት ሙሽራው ኩዌት ነው የሚሠራው፤ ያገኘው ፈቃድ አሥራ አምስት ቀን ብቻ ነው።

ምርጫው ወር የቀረው ጋሊብ እንቅልፍ አጣ። «ሂጂና ለምኛቸው። እነሱ ከተቀየሙን ድምፁ ሁሉ ሄደ ማለት ነው። የሐጂን ቤት ካስፈቀድሽ ደግሞ ሌላ የሚያሳስበን የለም።»

ናዚሃ ሄደች። ስለ ድምፁ ግድ አልነበራትም፤ የፈራችው ቀኗን እንዳትቀማ ነው። የሟቹን ባለቤት የሐጃ ፊክሪያን እጅ ሳመችና «እርስዎ አይሁን ካሉ ልጄን በዝምታ እሸኛታለሁ» አለች።

አሮጊቷ ቀና ብለው አዩዋት። «ሰውየው እኮ ዘጠና ሊሞላቸው ነበር። ጠግበው ነው የሄዱት። አንቺን ደሞ ሰባት ዓመት አፍነውሽ፣ አሁን እኔ ልጨመርባቸው? መስኮቴን ከፍቼ ነው የምሰማሽ። ብታሳፍሪኝ ወዮልሽ።»

ናዚሃ ቤቷ እስክትደርስ ሳቋን መያዝ አቃታት። ይሙኝ ብላ ተወችው።

ዓርብ ከሰዓት የሙሽራው ወገኖች መጡ። መንገዱ ጠባብ ስለሆነ ሙሽራዋ መኪናዎቹ እስከቆሙበት ድረስ በእግር ነው የምትወርደው። ሪማ ከደጅ ብቅ ስትል ናዚሃ እጇን ወደ አፏ አስጠግታ እልልታውን ለቀቀችው። ጨርሶ አልጠፋባትም ነበር። ሴቶቹ ተያዩ፣ ከበሮው ደመቀ፣ ሪማም በሙሽራ ልብሷ እንዳለች አለቀሰች። ናዚሃ እየደጋገመች፣ እየጨመረች ቁልቁለቱን ወረደች። በሰባት ዓመት ውስጥ እንዲህ ደስ ብሏት አያውቅም።

መታጠፊያው ላይ ካለችው ትንሽ ቤት ጥቁር የለበሰች ወጣት ሴት ወጥታ በሯ ላይ ቆመች። ከበሮ መቺው አያትና እጁን ሰበሰበ።

ሳልማ ናት። ባሏ የድንጋይ ካባ ውስጥ ናዳ ተጭኖት ከሞተ ሠላሳ ሁለተኛ ቀኑ ነው። ከሩቅ የመጡ ሰዎች ናቸው፣ ወገንም ድምፅም የላቸውም። ናዚሃ በዚያ ለቅሶ ከጎኗ ተቀምጣ፣ እጇን ይዛ፣ መሐረቧ እስኪርስ አልቅሳለች። ከዚያ ሌላ ለቅሶ መጣ፣ ከዚያም ሌላ። ይህችን ቤት ያስፈቀዳት ሰው የለም። ጋሊብ አላሰባትም፤ እሷም ረሳቻት።

«ልጄ…» አለች ናዚሃ፤ «ረሳሁ። ምን ብዬ ልንገርሽ፣ ረሳሁሽ።»

«ቢጠይቁኝ እሺ ነበር የምለው» አለች ሳልማ በቀስታ። «ልጅ መዳር ደስ ይላል፤ ማን ይከለክላል?»

ጋሊብ ከኋላ ደረሰና ወደ ሚስቱ ጆሮ ጎንበስ አለ። «አልቅሺላት እንጂ፣ ምን ትጠብቂያለሽ? ሰው እያየን ነው።»

ሳልማ ሰማችው።

«ይተውት፣ የሪማ እናት» አለች። «ያን ቀን ያለቀሱልኝ ይበቃኛል። የእውነት መስሎኝ፣ ከዚያ ወዲህ በር በተንኳኳ ቁጥር እርስዎ ነበሩ የሚመስሉኝ።»

በሩን ቀስ አድርጋ ዘጋችው። ጋሊብ ለከበሮ መቺው ምልክት ሰጠ። ሪማ ወደ መኪናው ስትገባ እልል ያለችላት የሙሽራው አክስት ነበረች።