ለአንድ ቤተሰብ ስንት ነው?

ሸዋ ሮቢት ላይ ጌም ቤት የከፈትኩባትን ክፍል ያከራዩኝ ሐጂ ናቸው። ውሉ የሚታደስበት ጊዜ ሲቃረብ አስጠሩኝና ሴትና ልጅ ተሳቅቀው የሚያልፉት ቤት በግቢያቸው እንደማይፈልጉ ነገሩኝ። ቤቱ ቤተሰብ የሚገባበት ካልሆነ በሦስት ወር ውስጥ መልቀቅ አለብኝ። እውነት ለመናገር አልተሳሳቱም። ክፍሏ ኳስ እየተጫወቱ በሚጯጯሁ ጎረምሶች የታጨቀች ነበረች፤ እናቶች በሩ ጋ ሲደርሱ የልጆቻቸውን እጅ ጠበቅ ያደርጋሉ።

ያለኝን አራግፌ አዲስ አበባ ወጣሁና እጅ ሲወዛወዝ ስክሪኑ ላይ ያለው ተጫዋች አብሮ የሚወዛወዝ ጆይስቲክ ሁለት ገዛሁ። ችሎታ አይጠይቅም፤ የቴኒስ ኳሷን መምታት የፈለገ እጁን መሰንዘር ብቻ ነው። ለጎረምሶቹ ጠዋቱን ተውኩላቸው፤ ሙቀቱ በረድ የሚልበትን ከአስር ሰዓት በኋላ ያለውን ለቤተሰብ አደረግሁ። በሩ ላይም «በሰው ሃያ ብር፣ አስር ደቂቃ» ብዬ ለጠፍኩ። በርካሽነቱ ኮርቼ ነበር።

ማንም አልገባም። አባወራው ከባጃጅ ወርዶ ማስታወቂያውን ያነባል፤ ከዚያ ዞር ብሎ ሚስቱን፣ ልጆቹን፣ የእህቱን ልጅ፣ ከማጀቴ ከተማ የመጣችውን እንግዳ በዓይኑ ይቆጥራል። አንዱን አስገብቶ ሌላውን ውጭ ማስቀረት ነውር ስለሆነ ሁሉንም ይዞ ይመለሳል። እኔ ቶሎ ግንፍል የምል ሰው ነኝ። ዋጋውን ወደ አስራ አምስት አውርጄም ሲመለሱ ሳይ፣ የሮቢት ሰው ስስታም ነው እያልኩ ጮክ ብዬ ማማረር ጀመርኩ።

ይህን የሰሙት ከቤቴ በር ፊት ለፊት ሽንኩርት የሚሸጡት እትዬ ናቸው።

«እኔ ሽንኩርት ቆጥሬ ሸጬ አላውቅም» አሉኝ ቀና እንኳ ሳይሉ። «በመደብ ነው የምሸጠው፤ ከላዩ ደግሞ እመርቃለሁ። አንተ ሰውን ምን አስቆጠረህ?»

አኮረፍኳቸው። በማግስቱ ግን ማስታወቂያውን ቀድጄ «አንድ ቤተሰብ፣ ግማሽ ሰዓት፣ ሰማንያ ብር» ብዬ ጻፍኩ። በሳምንቱ ክፍሏ ሞልታ ወንበር ጠፋ። አንዱ አባወራ ጎረቤቶቹን በሙሉ ወንድሞቼ ናቸው ብሎ አስገባቸው፤ ልከራከረው አፌን ከከፈትኩ በኋላ ምርቃት ይሁን ብዬ ተውኩት። አንዲት እናት ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ፣ እህል በሰፌድ የምታንገዋልል በሚመስል አወዛወዝ ባሏን አሸነፈችው። ያን ሰሞን ደስተኛ ነበርኩ። ሐጂ ግን አንድም ቀን ብቅ አላሉም፤ ቀኑም እያለቀ ነበር።

ሦስቱ ወር ሊሞላ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት፣ ከአስር ሰዓቱ ሶላት በኋላ፣ ባለቤታቸውንና ሦስት የልጅ ልጆቻቸውን አስከትለው መጡ። ባለቤታቸው ሐጂን ሁለት ጊዜ አሸነፏቸው፤ ሐጂም በጆይስቲኩ አሳበቡ። ክፍያ አልቀበልም ብል ተቆጡኝ፣ ሰማንያ ስላቸው ደግሞ ስድሳ ብለው ተከራከሩኝ። በመጨረሻ ሰማንያውን ሰጡኝና ሰዓቱን ጠየቁ። አስር ደቂቃ ይቀራቸው ነበር።

«ለአንድ ቤተሰብ ነው አይደል የከፈልኩት?»

«አዎ ሐጂ።»

ወደ ባለቤታቸው እያዩ ጆይስቲኩን ዘረጉልኝ። «እንግዲያው ያዝ፣ ከእሷ ጋር ተጫወት። ተከራይም የቤት ሰው ነው።»

ተቀበልኳቸውና የመጀመሪያዋን ኳስ ሳትኳት።