አሥራ ሁለት ሜትር የሚባለው ገመድ

የወንዙንና የሁለቱን ግድቦች ጨው የሚለካውን ሰው ባልደረቦቹ «አቶ ልክ» ይሉታል። ስሙን ያወጡለት ሊያሾፉበት ነበር፤ እሱ ግን እንደ ሹመት ተቀበለው።

ቤቱም ውስጥ ያው ነው። የባለቤቱ የደም ግፊት አልወርድ ካለ ዓመት አለፈው። ሐኪሙ ጨው ሲከለክላት፣ አቶ ልክ የጨው ዕቃውን ቁም ሣጥን ውስጥ ቆለፈበት። ግፊቷ ግን ወይ ፍንክች።

«ተደብቀሽ ትበያለሽ» ይላታል።

«ልጆቼን ይንሣኝ፣ አልቀመስኩም። ይልቅ የቧንቧው ውሃ ጨው ጨው ይለኛል።»

«ውሃውን እኮ የምለካው እኔ ነኝ» ብሎ አፏን ያስይዛታል። ሠላሳ ዓመት አብራው የኖረችውን ሴት እንደ ሌባ ይጠብቃት ጀመር፤ ነውር ነው።

የከተማው መጠጥ ውሃ የሚሳበው ከታችኛው ግድብ፣ ከአሥራ ሁለት ሜትር ጥልቀት ነው። ናሙና የሚቀዳበት ጠርሙስ ገመድም «አሥራ ሁለቱ» ይባላል። ጠርሙሱን የሚያወርድበት የግድቡ ድልድይ ብረት ገመዱን እየበላ ይበጥሰዋል፤ አቶ ልክም በተበጠሰ ቁጥር የነተበውን ቆርጦ ይጥልና መልሶ ይቋጥረዋል። ዘጠኝ ዓመት እንዲሁ ሲቆርጥና ሲቋጥር ኖረ። መዝገቡ ላይ ግን ሁልጊዜ «ጥልቀት አሥራ ሁለት» ብሎ ይጽፋል፤ የገመዱ ስም አሥራ ሁለት ነዋ።

ማክሰኞ ጠዋት ከዕቃ ግምጃ ቤት አዲስ ገመድ ተሰጠው። ጠርሙሱን ሲለቀው ከለመደው ቦታ አልፎ ወረደ፣ አሁንም ወረደ። ጎትቶ ለካው፤ ጨው ከወትሮው ሦስት እጥፍ ሆነ። መለኪያውን አጥቦ ደገመው፤ ያው። አሮጌውን ገመድ መሬት ላይ ዘርግቶ በሜትር ሲለካው አምስት ሜትር ከሩብ ወጣው። ጨዋማ ውሃ ከባድ ስለሆነ ከሥር እንደሚተኛ ለአዲስ ሠራተኛ ሁሉ የሚያስተምረው ራሱ ነበር።

ከምሳ በፊት ጥፋቱን በስሙ ጽፎ ለአለቃው ሰጠ። አለቃው ወረቀቱን ሁለቴ አነበበ።

«ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ማንም አላወቀም እኮ» አለው።

«ባለቤቴ ነግራኝ ነበር» አለ አቶ ልክ።

ቤቱ ገብቶ አንድም ሳያስቀር ነገራት። «ጨውሽ ከቧንቧው ሳይሆን አይቀርም። አንቺ አልዋሸሽም።»

እሷ እጇን በፎጣ እያደረቀች ሰማችው።

«የገመዱስ ይሁን፣ አላወቅህም» አለችው። «እኔን ግን ሠላሳ ዓመት ታውቀኛለህ።»