የገዲሴ ደም መልስ

አቶ ጉርሜሳ የሰው ክንድ ከመንካታቸው በፊት ሁለት መዳፎቻቸውን ያፋትጋሉ። መካኒሳ ባለው ጤና ጣቢያ በቀን ሠላሳ ሰው ደም ቢሰጥ ሠላሳ ጊዜ ያፋትጋሉ። ቀዝቃዛ እጅ የደም ሥርን ያሸሻል ይላሉ።

የላፍቶ ገበሬ ልጅ ናቸው። በወጣትነታቸው ድሬሰርነት ተምረው፣ ቁስል ከማጠብ ተነስተው ላቦራቶሪ ገቡ። ማይክሮስኮፕ ስለሚያዩ የሰፈሩ ሰው “ዶክተር” ይላቸዋል። ሚስታቸው ገዲሴ ግን “የሰገራ ዳኛ” እያለች ትቀልድባቸው ነበር።

ገዲሴ ቄጤማ ሻጭ ነበረች። በበዓል ዋዜማ ከወንዙ ዳር ረግረግ ታጭድና ጎፋ ድረስ ተሸክማ ትወስዳለች። እስሩን በሁለት እጇ ስታጠብቅ ማሰሪያውን በጥርሷ ትይዘዋለች፤ ነጩን የቄጤማ ሥር ማኘክም ትወድ ነበር። ገበሬው ዱላንዱላ የሚለው የጉበት ትል፣ ከብት በሚውልበት ረግረግ ሣር ላይ ተጣብቆ እንደሚቆይ ያኔ የነገራት የለም።

በ1957 ዓ.ም. ከጥር ጀምሮ ቀኝ ጎኗን ከጎድኗ ሥር ያማት ጀመር። ትኩሳቱ ይመጣል፣ ይሄዳል። ሁለት ዙር ይዞራት የነበረው መቀነት ሦስት ዙር ሆነ። የፋሲካ ሰሞን ሐኪሙ ሰገራዋ እንዲታይ አዘዙ፤ አቶ ጉርሜሳም በማይክሮስኮፑ ትልልቅ ቢጫ እንቁላሎች አዩ።

ሐኪሙ አልቸኮሉም። የአካባቢው ከብት ብዙው ይህ ትል አለበት፤ በቅርጫ ጥሬ ጉበት የበላ ሰው የትሉን እንቁላል አብሮ ይውጥና፣ ምንም ሳይታመም በሰገራው ያወጣዋል። ስለዚህ ሳምንት ሙሉ ጉበት ሳትቀምስ ቆይታ እንደገና ትታይ አሉ። እንቁላሉ ያኔም ከተገኘ ትሉ የራሷ ነው።

እቤት ሲነግሯት ገዲሴ፣ እኔ ጉበት መች በላሁ አለች። አቶ ጉርሜሳ አላመኗትም። የቅርጫው በሬ ሲታረድ ከወንዶቹ ጋር ቆመው ጉበቱን በሚጥሚጣ ሲበሉ፣ ከእሳቸው ድርሻ ቆርጠው በኮባ ጠቅልለው ልከውላት ነበር። ለጎረቤቷ ለወርቄ ልጆች መስጠቷን ነገረቻቸው።

“በፋሲካ ጉበት የሚመልስ ሰው አላየሁም” አሉና ሳቁባት።

በሳምንቱ ሰገራዋን፣ ሰው ሁሉ እንደሚያደርገው፣ በክብሪት ቀፎ አድርጋ በክር አስራ ሰጠቻቸው። ቅዳሜ ነበር፤ ወረፋው እስከ በሩ ደርሷል። የሥራ ባልደረባቸው አስረስ አጠገባቸው ቆሟል። የሚስታቸውን ቀፎ በእሱ ፊት መፍታት አፈሩ። ደግሞም መልሱን የሚያውቁት መሰላቸው። ቀፎውን ሳይፈቱ ጣሉትና ወረቀቱ ላይ “ንጹሕ” ብለው ጻፉ። ሐኪሙም የጨጓራ መድኃኒት ሰጧት።

ክረምቱ አለፈ። በኅዳር ዓይኗ ቢጫ ሆነ። በቀድሞው ሐኪም ምትክ የመጡት አዲሱ ሐኪም ደሟ ወደ ውጭ አገር ይላክ አሉ። ደም የበዓልን ምግብ ከበሽታ ጋር አያምታታም፤ ትሉ በእውነት ጉበቷ ውስጥ ከኖረ፣ ሰውነቷ ሲታገለው የተወው ምልክት ደሟ ውስጥ አለ፤ ከትሉ ከተዘጋጀ ፈሳሽ ጋር ሲቀላቀል ይታወቃል ብለው አስረዷቸው። ይህን ምርመራ ጤና ጣቢያው አይሠራውም ነበር።

ደሙን የቀዱት አቶ ጉርሜሳ ራሳቸው ናቸው። እስኪረጋ ጠብቀው፣ ከላይ የተንሳፈፈውን ቢጫ ውሃ በብልቃጥ አሽገው ለአውሮፕላን አደረሱት። ከዚያ ወዲያ ሥራቸው መጠበቅ ሆነ። ከሥራ ሲመለሱ ገዲሴ ከተኛችበት ቀና ብላ፣ “ደሜ ደረሰ ወይ? እኔ ደብረ ዘይትን ሳላይ እሱ ባሕር ተሻገረ” ትላቸው ነበር።

በጥምቀት ማግስት አረፈች። መልሱ የመጣው ከአሥራ ሰባት ቀን በኋላ ነው። ትሉ አለባት ይላል።

አቶ ጉርሜሳ ወረቀቱን ይዘው ሐኪሙ ፊት ቆሙና ስለ ክብሪቱ ቀፎ ተናገሩ። ሐኪሙም በፋሲካ ታውቆ ቢሆን መርፌ ይሞከርላት እንደነበር ብቻ ነገሯቸው። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ጥፋታቸውን ለሰው ሁሉ ይናገራሉ፤ ለለቀስተኛው፣ ለነፍስ አባታቸው፣ ክንዱን ዘርግቶ ለተቀመጠ በሽተኛ ሳይቀር። ታሪካቸውን ልጽፍ ስጠይቃቸውም፣ “ስሜን ከነአባቴ ጻፊው፣ ልጄ” አሉኝ። አንድ ነገር ብቻ እንድተው ለመኑኝ። ቃል መግባት አልቻልኩም።

ነገሩ የሆነው ደሟን ሊቀዱ ክንዷን ባሰሩ ጊዜ ነው። ገዲሴ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ፣ በዚያ ቅዳሜ ምሳቸውን ይዛ ስትመጣ፣ ቀፎዋን ከጤና ጣቢያው ጓሮ ከቆሻሻው ላይ እንዳየችው ነገረቻቸው። ክሩ አልተፈታም ነበር። ስድስት ወር ሙሉ ትንፍሽ ሳትል ቆይታለች።

“ይኼኛውን ግን አይጣሉብኝ” አለቻቸው።